ሲቀነስ ሃምሳ ሁለት

ስታቮረን። ኅዳር። ከሌሊቱ ዘጠኝ።
የፓምፕ ጣቢያው ውስጥ ተራው የእኔ ሆነኝ።
ዝናቡ ከጎን ነው፣ መስኮቱን ይገርፋል፤
ከባሕር ዝቅ ያለ አገር ከደጅ ያንቀላፋል፦
ላሙ፣ ድንቹ፣ ቤቱ፣ የመቃብሩ አፈር፣
አራት ሞተር ባይኖር ውሃ ሥር የሚያድር።

እኔ ውሃ አላይም። የማየው ቁጥር ነው፣
ቦዩ ዳር የቆመው ሴንሰር የሚልከው፤
በሰከንድ አሥር ጊዜ በኬብል እየሮጠ
ይነግረኛል፦ ስንት ሞላ፣ ስንት ሰመጠ፣
በሩ ክፍት ነው ዝግ፣ ሞተሩ ሞቀ ወይ።
የሚገባው በግራ፣ የሚወጣው በቀኝ፤
ለያንዳንዱ ሳጥን ስም ያወጣሁ እኔ ነኝ።

«ሲቀነስ ሃምሳ ሁለት።» ሾርባዬን ጠጣሁ።
«ሲቀነስ ሃምሳ ሁለት።» ካልሲዬን ቀየርሁ።
«ሲቀነስ ሃምሳ ሁለት።» ሞተሮቹ አምነውኝ ተኝተዋል።

ዊትሰ ገባ ያኔ፣ ቦቲው ውሃ እየተፋ፣
ሠላሳ ዓመት እዚሁ ከቦዩ ጋር የለፋ፣
ኮምፒውተር የማይወድ፣ ዱላ የሚያምን ሰው፤
ስክሪኑን አየና አገጩን አከከው።
«ይሄ ቁጥር ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ?»
«ከሰባት ተኩል» አልሁ። «ተረጋግቷል።»
«ውሃ» አለ «አይረጋጋም። ይልቁንም በእንዲህ
ያለ ሌሊት።» ባትሪውን ይዞ ወጣ።

ተከተልሁት። ቦዩ ያጓራል።
ዱላው ላይ በነጭ ቀለም የተጻፈው ጠፍቷል፤
መንገዱ የነበረበት ቦታ ላይ
አንዲት ዳክዬ በሰላም ትዋኛለች።

ሴንሰሩ አልዋሸም። ይጮኽ ነበር እሱ።
እርጥበት በላችው አንዲት መሰኪያ ናት
ከመንገድ ያስቀረች ጩኸቱን ከነነፍሱ።
ወሬው ሲቋረጥ ግን ምን ይደረግ ያኔ?
ከሦስት ዓመት በፊት የወሰንሁት እኔ፣
ዓርብ ከሰዓት፣ ርቦኝ፣ በአንዲት መስመር፦
«አዲስ ካልመጣ የድሮውን ያዝ።»
ያዘ። ታማኝ ነው።

የቁራ መልክተኛ እንላለን፣ ሄዶ ለቀረ፤
ቁራም የተላከው ውሃ ሊያይ ነበረ።
ኖኅስ መስኮት ከፍቶ ባዶውን ሰማይ አየ፤
እኔ ግን በመስኮቴ የቁራ ሥዕል ሰቅዬ
«ይኸው፣ ተመልሷል» ስል አደርሁ።

ሞተሮቹን በእጅ አስነሣናቸው፦ አንድ፣ ሁለት፣
ሦስት። አራተኛው አጉረመረመ፣
ሳለ፣ እንደ ሽማግሌ፣ ከዚያ ተነሣ።

ሲነጋ ፕሮግራሙን ከፈትሁት። በየቁጥሩ ጎን
ሌላ ሳጥን ጨመርሁ፣ ትርታ የሚቆጥር፦
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እያለ ከወዲያ የሚመጣ።
ትርታው ቀጥ ካለ ቁጥሩ ይጥቆር፤
በምትኩ ይጻፍ፦ «አላውቅም።»
ማሽን ይቺን ቃል ለማስተማር
ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ዊትሰ ከኋላዬ ቆሞ ፖም ይገምጣል።
እንደ ልማዴ «ይልዳውስ?» አልሁት፣
ቦልስዋርድ፣ የአረጋውያን ቤት ያለችው ሚስቱ።
ሦስት ዓመት በየፈረቃው ጠይቄዋለሁ፤
ሦስት ዓመት «ያው ናት» ብሎኛል።
«ያው ና...» አለና ስክሪኑን አየ።
ፖሙን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠ።
«ከፋሲካ ወዲህ አልሄድሁም» አለ። «ስሜን
ካጣችው በኋላ ምን ብዬ ልግባ?
ማን መጣ ይበሏት?»

መልስ አልነበረኝም። የመኪናዬን ቁልፍ
በጠረጴዛው ላይ ወደ እሱ ገፋሁት።
አላነሣውም። አልመለሰውምም።
ከደጅ ውሃው ይወርዳል፦ ሲቀነስ አሥራ አራት፣
ሲቀነስ አሥራ አምስት፣
ከጎኑ ትርታው ይቆጥራል፣
ዊትሰ ቆሞ ያያል፣
ሲቀነስ አሥራ ስድስት።